ሜዳ የበላው ስም

ዘቢደር ወፍጮ ቤት ተራ ይዛ በቆመችበት ሴቶቹ በወንድሟ ሲስቁ ሰማች። ወፍጮው ሲያጓራ ሰው ካልጮኸ አይደማመጥምና ከፊቷ የተሰለፈችው አረጋሽ እየጮኸች ነበር የምታወራ። ልክ ሞተሩ ሲጠፋ ድምጿ ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቀረ። «...ሰማይ ቆጣሪው አለው እኮ! በጀርባው ተንጋሎ የዳባትን ሰማይ ሲቆጥር ዋለ አለው! እኔማ ሆዴ እስኪቆስል ሳቅሁ።» ከዚያ ዞር ስትል ከኋላዋ ጥቁር ለብሳ የቆመችውን ዘቢደርን አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ እትዬ ዘቢደር! እኔ እኮ ባለቤትዎ ጋሽ የሺዋስ በማይክ ያሉትን ነው፤ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርሁም።» ዘቢደር የእህል ጆንያዋን በእግሯ ወደ ፊት ገፋ አደረገችና «ምን አስደነገጠሽ፣ ጨርሺው እንጂ» አለቻት። የጨረሰ ሰው አልነበረም። አንዷ የገብሷን እብቅ ትነፋለች፣ አንዷ ጣሪያውን ታያለች። ባለወፍጮው እግዜር ይስጠውና ሞተሩን አስነሳው፤ ሁሉም ከዚያ ዝምታ በጩኸቱ ውስጥ አመለጠ።

እናታቸው ወለተ ጊዮርጊስ ካረፈች እሑድ ዓመት ይሞላታል። የኖረችውም የሞተችውም ደባርቅ፣ ዘቢደር ቤት ነው፤ ተዝካሩም እዚሁ ሊወጣ፣ ወንድሟ ከዳባት ቤተሰቡን ይዞ ሊመጣ፣ በሁለት እጅ ሊያወጡት ከመስከረም ጀምሮ የተነጋገሩት ነገር ነበር። ትናንት ማታ ግን አንድ የሚኒባስ ሾፌር በሩን አንኳኩቶ «ወንድምዎ ተዝካሩን ዳባት ለብቻዬ አወጣለሁ፣ አትጠብቂኝ ብለውዎታል» ብሏት ሄደ፤ ወንድሟ ስትደውልለትም ስልኩን አላነሳም። የአንዲት እናት ተዝካር ለሁለት ሲከፈል አገር ምን እንደሚል ዘቢደር አታጣውም። ነፍሷስ ወዴት ትሂድ? ቄሱስ በየትኛው ዳስ ይፍታት? ሌሊቱን ሙሉ ምን አድርጌው ይሆን ስትል አደረች። አንዴ የነፍስ አባቱን ሳልጠይቀው ቀን ስለቆረጥሁ ነው ትላለች፤ አንዴ ደግሞ ለክረምት ያበደረኝን ዘር ስመልስ ፊቴ አልፈታ ብሎት ይሆናል ትላለች። ነገሩ ይኼ መሆኑን ያወቀችው አሁን፣ ወፍጮ ቤት ነው። ጥቁር ከለበሰች ወዲህ ጨዋታ ባለበት ደርሳ አታውቅም፤ ባሏ ማይክ ይዞ ምን እንደሚናገር ከተማው ሁሉ ሲሰማ እሷ ቤቷ ሆና ከድምፁ በቀር ቃሉን ለይታ አልሰማችም ነበር።

ወንድሟ በትግል በባሏ መጣሉን ግን ታውቃለች። እሷ ያኔ ልጃገረድ ነበረች፤ ዳባት ሜዳ ላይ በጥምቀት ማግስት ሁለቱ ተያይዘው አቧራው ሲጨስ በሩቁ አይታለች። አገሯ የትግል አገር ነው፣ የትግሉም ሥርዓት አለው። የጣለው ይዘፈንለታል፣ ስሙ ከነአባቱ ይጠራል። የወደቀው ግን ጓደኞቹ ጋቢ ጣል አድርገውበት ከሰዉ መሀል ያወጡታል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ወደቀ ተብሎ አይጠየቅም። ያየ አይቷል፤ ላላየ «ሜዳ በላው» ይባላል፣ በቃ። የወደቀ ሰው ነገ ያርሳል፣ ይድራል፣ ሽማግሌ ሆኖ ይቀመጣል፤ ስሙ ከጀርባው ጋር አፈር ላይ ተንጋሎ ከቀረ ይህን ሁሉ በምን ያደርገዋል? ዘቢደር ፊደል ቆጥራ ዳዊት ሳትደርስ ያቆመች ሴት ናት፤ ይህን ግን መጽሐፍ አላስተማራትም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ቤት ስትደርስ የሺዋስ በረንዳው ላይ ዝንጅብል በማር እየጠጣ ድምፁን ያለሰልስ ነበር። ግራጫ ኮቱን በከሰል ካውያ ተኩሶ ለወንበር አልብሶታል። በደርግ ጊዜ ለክፍለ ሀገሩ የትግል ቡድን ተመልምሎ፣ ደሞዝ እየበላ፣ እስከ አዲስ አበባ እየሄደ ሲታገል ኖሯል። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፣ እሱም ጉልበቱ ተጎድቶ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ ይመለሳል፣ ግድግዳ ያያል፣ ይተኛል። ካቻምና ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ድረስ የሚባል ወጣት ማይክ አስጨበጠው። ከሱ በፊት የነበረው ተናጋሪ እግር ጠለፋን ከወገብ ማንሳት የማይለይ ሆኖ ሕዝቡ ያፏጭበት ነበር። የሺዋስ ግን «ያዘው! ወገቡን ያዘው! እግሩን ተጠንቀቅ አንተ ልጅ... የለም፣ ተረፈ!» ሲል ከሜዳው አልፎ ገበያ ያለ ሰው ሚዛኑን አስቀምጦ ያደምጣል። ዘቢደር በዚህ ደስ ብሏት ነበር። ባሏ ቤት ውስጥ ማፏጨት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ወንድሜን ምን ብለኸው ነው?» አለችው፣ ዱቄቱን ሳታወርድ።

«የቱን ወንድምሽን?»

«ስንት አለኝ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምን አልሁት፣ አመሰገንሁት እንጂ! ዳባት እንደሱ ያለ ክንድ አብቅላ አታውቅም አልሁ። ደካማ ጣልሁ ብል ማን ይሰማኛል?»

«ሰማይ ቆጣሪ ማለት ነው ምስጋናው?»

«እሱ ማሳቂያ ነው። በግጥሚያ መሀል ባዶ ጊዜ አለ ዘቢደር። ዝም ስል ሰዉ ይሄዳል።»

«ዛሬ ስሙን አታንሣው።»

«ዛሬ እኮ ፍጻሜው ነው። ሰዉ እሱን ሊሰማ ነው የሚመጣው። ከአዲስ አበባ የመጡት መልማዮች ያዩኝ እሱን ስጥል ነው፤ እሱን ባልጥል ማን ያየኝ ነበር? ደግሞስ ውሸት ነው? ወድቋል አልወደቀም?»

ዘቢደር ጆንያውን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ «ወድቋል» አለች።

«በቃ። እኔ በማይክ ውሸት አልናገርም» ብሎ ብርጭቆውን አነሳ።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ፣ ወይ ጎረቤት ትጠራ ይሆናል። ዘቢደር ዱቄቱን አውርዳ እጇን ታጠበችና መቀነቷን አጥብቃ ወደ መናኸሪያ ወጣች። የሚኒባሱ ረዳት ታሪፉ አሥራ አምስት የሆነውን ሃያ ጠየቃት፤ እንደ ሌላ ጊዜ አልተከራከረችም። «እትዬ፣ ዛሬ ከደባርቅ የምትወጡት እናንተ ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ፤ ሰው ሁሉ እየገባ ነው» አላት። እውነቱን ነው። ከዳባትም ከአምባ ጊዮርጊስም በኩል የሚመጣው መኪና ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው ጭኖ ይተላለፋቸዋል። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ስለ ፍጻሜው ያወራሉ፤ አንደኛው የዳባት ሰው ነው። «እኛ እኮ አሁን ሰማይ ቆጣሪ ሆነን ቀረን! ገበያ ስንወጣ፣ ዛሬ ዝናብ ይጥላል ወይ እያሉ ይጠይቁናል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የቁጭት ነበር። ዘቢደር ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችና በመስኮት የታጨደውን የገብስ ማሳ ስታይ ሄደች።

የወንድሟ ቤት ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነው። ሚስቱ ውቢት በሩ ላይ ጉንጯን ሳመቻትና ዓይኗን ሸሸች። ዘቢደር ለምን እንደሆነ ስትገባ አየች። ጓዳው በር ላይ ሁለት ትልልቅ ጋኖች ታጥነው ተደፍተዋል፤ ወንድሟም መደቡ ላይ ተቀምጦ እንደ ሴት ጌሾ ይለቅማል፤ ቅጠሉን ወዲህ፣ እንጨቱን ወዲያ። ትልቅ ሰው ነው። ሁለት ቤተሰብ በመሬት ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፍ፣ የሚጠራው እሱ ነበር። ውቢት በሹክሹክታ ነገረቻት፦ ያለፈው ሳምንት ለዳኝነት ተቀምጦ ሊናገር ሲነሳ፣ ከተከሳሾቹ አንዱ «እርስዎ የጀመሩትን ሰማይ ቆጥረው ይጨርሱ፣ ከዚያ የኛን ድንበር ይቆጥሩልናል» አለው። ተሰብሳቢው ሳቀ። እሱም ምንም ሳይል ጋቢውን አጣፋና ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከደጅ አልወጣም።

ዘቢደር ከጎኑ ተቀመጠች። ከጌሾው ዘለላ አንስታ እሷም መልቀም ጀመረች።  ክፍሉ ውስጥ የእናታቸው ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ፤ ለመታወቂያ የተነሳ፣ ተለቅ ተደርጎ የታጠበ፣ ያልሳቀ ፊት።

«ወንድምዓለም፣ ጠላውን ልትጠነስስ ነው?»

«ነው።»

«እኔም ጠንስሻለሁ።»

«ለሷ አይበዛባትም» አለ።

 ውቢት ቆሎ አቀረበች፤ ማንም አልዘገነም። በመጨረሻ ዘቢደር «መውደቅህን እኮ ያኔም ያየ አይቶታል፤ የሺዋስ ያመሰግንሃል እንጂ...» ብላ ጀመረችና የገዛ አፏ አስጠላት፤ አቋረጠችው።

ወንድሟ እጁ ላይ የያዘውን ዘለላ አስቀመጠ። «መውደቄን አልጠላሁትም እታለም። ሰው ነኝ፣ ወደቅሁ። አንቺ የዚያን ለት ከሩቅ ነበርሽ፣ ያላየሽው ነገር አለ። ወድቄ ዓይኔን ስገልጥ ጓደኞቼ ገና አልደረሱም፤ እጁን ሰጥቶ ያነሳኝ እሱ ነው። በገዛ ጋቢው ጀርባዬን ጠረገልኝ። ሰዉ ለሱ እየዘፈነ፣ እሱ በጆሮዬ፣ ይኼን ሜዳው ይብላው፣ ከኔ አፍ አይወጣም አለኝ። ለመንሁት? አልለመንሁትም። አባታችን ከሞተ ዓመቱ አልሞላም፣ ቤቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። ከወር በኋላ ሽማግሌ ላከብሽ። ጠያቂሽ ብዙ ነበር፤ የደረስጌው ባለ ከብት እንኳ ሁለት ጊዜ ልኮብኛል። ለሱ የሰጠሁሽ ጉልበቱን ወድጄ መሰለሽ? የወደቀን ሰው የሚሸፍን፣ እህቴም ያጠፋች ለት ይሸፍናታል ብዬ ነው።»

ዘቢደር ቀና ብላ አላየችውም። ልጅ አልወለደችም። ሠላሳ ዓመት ያህል የሺዋስ ቤት ስትኖር፣ የሱ ዘመዶች «ዛፉ ያላፈራው በማን ነው?» እያሉ በነገር ሲወጓት፣ አንድ ቀን፣ ሰክሮም ተቆጥቶም፣ ከባሏ አፍ የወጣ ቃል የለም። «እኛ እንዲህ ነን» ይላል፣ ያልፋል። ይህን ዝም ማለቱን ደግነት ነው ስትል ኖራለች። ወንድሟ ቀድሞ አይቶላት፣ መርጦላት ኖሯል። አሁን ያ ሰው ማይክ ይዞ አፉ አልዘጋ አለው።

«ቁርጥ ነገር ንገረኝ» አለች። «ዛሬ ስሙን ካላነሣው ትመጣለህ?»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ እታለም። ምኑን ይመልሰዋል?»

«አይመልሰው ይሆናል። ትመጣለህ ወይ ነው ያልሁህ።»

ወንድሟ ጌሾውን መልሶ አነሳ። 

ደባርቅ ስትመለስ ጀምበር ወደ ሊማሊሞ በኩል ማዘንበል ጀምራ ነበር። ከመኪናው ሳትወርድ የሞንታርቦው ድምፅ ደረሳት፤ የባሏ ድምፅ ነው፣ ጎርናና፣ የሞቀ፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው። ቤቷ በስተግራ ነው፣ ሜዳው በስተቀኝ። ወደ ቀኝ ሄደች። ጥቁር የለበሰች ሴት፣ የእናቷ ዓመት ሳይወጣ፣ ጨዋታ ሜዳ ስትገባ አይታይም። ዳር የቆሙት ሴቶች «ኧረ በማርያም! በከሏ!» ሲሉ ሰማች። ግን መንገድ ለቀቁላት። ጥቁር ለለበሰ መንገድ ይለቀቃል፤ ሳትጋፋ፣ ሳትናገር፣ ከኋላ ተነስታ ታጋዮቹ ከሚያያዙበት ሣር ጫፍ ደረሰች። ማዶ፣ ጎኖቹ የተከፈቱ የጭነት አይሱዙ ላይ፣ የሺዋስ ግራጫ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ከጎኑ ወጣቱ ድረስ፣ በአንገቱ መታወቂያ አንጠልጥሎ ይስቃል። የአንዱ ግጥሚያ አልቆ ቀጣዮቹ ገና ልብሳቸውን እየለወጡ ነበር፤ ያ የሺዋስ ያላት ባዶ ጊዜ ናት። ሕዝቡ ጀመረ፦ «ሰማይ ቆጣሪውን! ጋሽ የሺዋስ፣ ሰማይ ቆጣሪው ይነገረን!»

የሺዋስ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። ልክ እንደ ቄስ ነበር የሚያዘው። «ዳባት ሜዳ» አለ ቀስ ብሎ። «የጥምቀት ማግስት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ማዶ አንድ ሰው ብድግ አለ፣ ክንዱ የወይራ ግንድ፣ ደረቱ...»

ዘቢደርን አያት።

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዘቢደር አልተንቀሳቀሰችም፤ እጇንም አላነሳች፣ ራሷንም አልነቀነቀች። እሷና እሱ መሀል አንድ ሜዳ ሙሉ ሣር፣ ከኋላዋ የሺህ ሰው ቀለም፣ መሀል ላይ አንድ ጥቁር። ማይኩ ክፍት ነበርና ትንፋሹ በሞንታርቦው ወጣ፤ ከተማው ሁሉ የአንድ ሽማግሌ ሰው ትንፋሽ ሲሰማ ቆየ። የጄኔሬተሩ ኳኳታ ብቻ ነበር ከሱ ጋር። አንዱ «ተበላሸ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ማንን ነው? ማን ብድግ አለ?» አለ። ድረስ ኮቱን ጎተተው።

«ረሳሁት» አለ የሺዋስ።

ሕዝቡ ማሳቂያ መስሎት ሳቀ።

«ማን እንደነበረ ረሳሁት። ያን ለት ማንን እንደጣልሁ አላስታውስም።»

ሳቁ ሳሳ። ድረስ ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ በጆሮው ስሙን ነገረው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዘቢደር ከማዶ አየች። የሺዋስ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ነገረው። እንደገና ነቀነቀ። ያኔ ከጥግ አንድ ጎረምሳ «አረጁ! ጋሽ የሺዋስ አረጁ!» አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ፉጨቱ እንደ በረዶ ወረደ፣ «ጡረታ! ጡረታ!» እያለ ሜዳው ተናጋ። አንድን የትግል አያያዝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከነጣቱ የሚያስታውስ ሰው፣ ጧት «ውሸት አልናገርም» ያለ ሰው፣ ፉጨቱን ሁሉ ፊቱ ላይ ተቀበለ። ድረስ ፈገግ ለማለት እየሞከረ ማይኩን ከእጁ ወሰደ። «እሺ፣ ጋሽ የሺዋስ ትንሽ ደክሟቸዋል፣ አጨብጭቡላቸው!» አለ። ያጨበጨበ የለም። የሺዋስ ፊቱን አዙሮ፣ አንድ እጁን በአይሱዙው ጎን ይዞ፣ የማይታጠፈውን ጉልበቱን እያስቀደመ ወረደ። የሚደግፈው አልነበረም። ዘቢደርም ከማዶ ነበረች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። የሆነ ነገር ከገዛ ቤቷ አውጥታ የሸጠች ነው የመሰላት።

መንገዱ ላይ ደረሰችበት። ጎን ለጎን ሄዱ። ሱቆቹ ባለቤቶቻቸው ሜዳ ስለሆኑ ተዘግተዋል፤ ነፋሱ ፌስታል እያባረረ ይሄዳል።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አለችው። «በጋቢህ ጀርባውን መጥረግህን፣ ቃል መግባትህን።»

«ሜዳ ይብላው ብለነው ነበራ» አለ። «ላንቺስ ብነግር ያው መናገር አይደል?»

«ለኔ ያልነገርኸውን ለደባርቅ ሁሉ!»

ጥቂት ሄደ። «እውነትሽን ነው። ምን እንደሆንሁ አላውቅም። ሰው ሲሰማኝ ጊዜ... እኔ ደግሞ ሰው ከሰማኝ ስንት ዘመኔ።» ከዚያ በላይ አልተናገረም፣ እሷም አልጨመረችበትም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ እሷ የሷን ምሳር ሜዳው ላይ ቀድማ አሳርፋበታለች።

ከመቀነቷ ስር ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነበር። ወሬ ከመኪና ይፈጥናል።

«ረሳሁት አለ አሉኝ» አለ።

«አለ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት። ፉጨት አወረዱበት። ማይኩንም ወሰዱበት።»

 ዘቢደር ቆመች፤ የሺዋስም ሁለት እርምጃ አልፎ፣ ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ። ማን እንደሆነ አልጠየቀም። የወንድሟ ድምፅ መጣ፤ ቁጣም ፍቅርም የሌለበት፣ የሥራ ድምፅ።

«ለዳሱ ስንት ቋሚ እንጨት ጎድሏችኋል?»

ዘቢደር መልሱን አታውቀውም ነበር። ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ አድርጋ «ስንት ቋሚ ጎድሎናል?» አለችው።

የሺዋስ ሳይዞር፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ «ስድስት» አለ።

«ስድስት ይላል» አለች ወደ ስልኩ። «ቅዳሜ በጧት» አለ ወንድሟና ዘጋው።

ጥቂት እንደሄዱ ከኋላቸው ሜዳው ጮኸ፤ ፍጻሜው ማለቁ ነው። የድረስ ወጣት ድምፅ በሞንታርቦው ተከተላቸው። የአሸናፊውን ስም ጠራ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ቀጥሎ የወደቀውን ልጅ ጠራ፤ ከነአባቱ፣ ከነቀበሌው፣ አንዴ አልበቃው ብሎ ሁለቴ፣ ከዚያም ሰዉ የሚስቅበት አንድ ነገር ጨመረ። የሺዋስ ቆም አለ። ወደ ኋላ ዞረ፤ ከዚያ ቦታ ግን ከባሕር ዛፉ በላይ የሚያንዣብበው አቧራ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም።

«ልጁን አንሥተውት ይሆን?» አለ።

 ዘቢደርም አጠገቡ ቆማ ወደ አቧራው አየች።